ዘጠኝ ጊዜ «ድገም»

ሥራዬ ሶፍትዌር እየፈተሹ እንከን ማውጣት ነው። ባሕርዬም እሱው ስለሆነ ብዙ አልከበደኝም። ዲላ ላይ አምስት ሆነን እንሠራለን፤ በየሁለት ሳምንቱ የደረስንበትን ይዘን ገበሬ ዘንድ እንወርዳለን። ገበሬው ይሞክራል፣ እኔ ዳር ቁጭ ብዬ የት ላይ እንደተቸገረ እጽፋለሁ። መርዳትም ሆነ መናገር ክልክል ነው።

ያን ቀን በሞተር ወደ ኮንጋ ቀበሌ ወረድን። አፕሊኬሽናችን ቡና ማጠቢያው እሸት ቡና የሚረከብበትን ቀን በጌዴኦኛ ይናገራል። ድምፁ እኔ ከመቀጠሬ በፊት የተቀረጸ የአንዲት ወጣት ድምፅ ነው። ሰምተው ሲጨርሱ ከሁለት ቁልፎች አንዱን መጫን ነው፤ «ድገም» ወይም «ገባኝ»።

አንዲት እናት ስልኩን ተቀብለው ሰሙና «ድገም»ን ተጫኑ። ሰሙ፤ አሁንም «ድገም»። «ድምፁ ግልጽ አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። በአምስተኛው ያንን ሰርዤ «ቁልፎቹ ያደናግራሉ» አልኩ። ተራ የሚጠብቁት ማጉረምረም ጀመሩ። እሳቸው ግን ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሰሙና ለዘጠነኛ ጊዜ «ድገም»ን ተጫኑ።

አላስቻለኝም፤ ሕጌን ጣስኩ።

«እማማ፣ ያልገባዎት የቱ ነው?»

«ኧረ እኔስ ገብቶኛል።»

«እንግዲያው ‹ገባኝ› የሚለውን ይጫኑታ!» አልኳቸው ቆጣ ብዬ።

ስልኩን በሁለት እጃቸው እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝ።

«የልጄ ድምፅ ነው። ከቀበርናት ዓመት ሆናት። ‹ገባኝ› ካልኩ ዝም ትላለች።»