በፈቲያ ዱዓ የቀናሁበት ክረምት

ልጅ ሳለሁ እኩዮቼ በጫማና በብስክሌት ሲቀኑ እኔ የቀናሁት በሰው ጸሎት ነበር። አሁን ሳወራው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን አንጀቴ እስኪያር ነው የቀናሁት።

የሰማንያዎቹ መጨረሻ ነበር። ቤታችን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስተምሥራቅ፣ ገና አስፋልት ባልገባበት ሰፈር ውስጥ ነው። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ቆርቆሯችን ይንቀጠቀጣል፤ ቀና ብሎ የሚያይ ግን እንግዳ ብቻ ነበር። አባቴ እዚያው ማረፊያው፣ ጭነት ክፍል ይሠራል። ከበራችን ፊት ለፊት የአባባ ከድር ሱቅ ነበረች። በወጣትነታቸው ከስልጤ አገር መጥተው፣ ሳሙናና ክብሪት፣ ዘይትና ሻይ ቅጠል ሲሸጡ ያረጁባት ባለ አንድ መስኮት ሱቅ ናት። የልጅ ልጃቸው ፈቲያ የኔ እኩያ ነበረች። ያን ክረምት ሁለታችንም ዘጠኝ ዓመታችን ነበር።

በክረምት መብራት ይጠፋል። ሲጠፋ አባባ ከድር ፋኖሱን መስኮቱ ላይ ይሰቅሉና ከሰል አያይዘው በቆሎ ይጠብሳሉ፤ እኛ ሁለታችን የዘይት ጄሪካን ገልብጠን ተቀምጠን፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ተረት እንሰማለን። አባባ ሲያወሩ አይቸኩሉም። መሃል ላይ ደንበኛ ከመጣ ክብሪቱን ሸጠው፣ ስለ ዝናቡ አማርረው፣ ሰውየውን እስከ መንገዱ በዓይናቸው ሸኝተው ሲያበቁ «እ... የት ነበርኩ?» ይላሉ። ቀድማ የምትነግራቸው ሁልጊዜ ፈቲያ ናት። እኔም አውቀው ነበር እኮ! አፏ ይፈጥናል እንጂ። ደግሞ ሲያወሩ እጃቸው የፈቲያ ራስ ላይ ነው። ለኔ በቆሎ ይደርሰኛል፤ እጅ ግን አይደርሰኝም።

እኔ አያቶቼን አላውቃቸውም። በቤታችን ስለ እግዜር የሚወራው «ጾም ነው፣ አትንኪ!» እና «ነጠላሽን አስተካክዪ!» ነበር። እነ ፈቲያ ጋ ግን ጀንበር ጠልቃ የመግሪብ ሶላት ሰዓት ሲደርስ ተረቱ የትም ይድረስ የት ይቋረጣል፤ ሁለቱም ታጥበው ወደ ውስጥ ይገባሉ፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ እኔ ከከሰሉ ጋር እቀራለሁ። አንድ ቀን በመጋረጃው ጠርዝ አጮልቄ ፈቲያ ግንባሯን ምንጣፉ ላይ ስትደፋ አየሁ። ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር ምን እንደምለው እንጃ። ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ ሞከርኩት፤ ግንባሬን ሲሚንቶው ላይ ደፋሁ። ቀዘቀዘኝ እንጂ ምንም አልመጣም።

አንድ ምሽት፣ ለአንዴ እንኳ ፈቲያን ልቅደማት ብዬ፣ «አባባ፣ ከሰው ሁሉ መጀመሪያ የጸለየው ማነው?» አልኳቸው።

በቆሎውን አገላበጡት። «ሴት ናት» አሉ። «ስሟ አልደረሰንም። ልጇ ታመመባት። ያኔ ሐኪም የለ፣ ሼህ የለ፣ ቄስ የለ። ልጁን አቅፋ ወጣች፤ ደጇ ላይ ካለ ትልቅ ድንጋይ ላይ ቆመች። ለማን እንደምትናገር አታውቅም። ‹አንተ እዚያ ያለኸው፣ ልጄን!› አለች። ይኸው ነው። ሌላ ቃል አልነበራትም።»

«ዳነ?» አለች ፈቲያ።

«ዳነ። በዓመቱ ታናሽየው ሲታመም ደነገጠች። አምና ወዴት ዞሬ ነበር? ጫማዬን አውልቄ ነበር? ስንት ሰዓት ነበር? አላስታወሰችም። ስለዚህ የመሰላትን ሁሉ አደረገች፤ ያንኑ ድንጋይ፣ ያንኑ ሰዓት፣ ፊቷን ወደዚያው። ልጆቿ ከሷ አዩ፣ የልጅ ልጆቿም ከነሱ። እንግዲህ ያ ‹አንተ እዚያ ያለኸው› ያለችው፣ እሱ እምነት ነው። ድንጋዩና ሰዓቱ ሃይማኖት ነው።»

«ታዲያ ድንጋዩ ምን ያደርጋል?» አልኩ።

«ኧረ ያስፈልጋል! ሰው ረሺ ነው፤ ድንጋዩ ከሌለ ቦታው ይጠፋዋል። ችግሩ ድንጋዩን ይዞ ቃሉን የረሳ ሰው ነው። እሱ የሰው ድንጋይ ሲለካ ይውላል» ብለው ሳቁ። ፈቲያም ሳቀች። እኔ ጥያቄው የኔ ሆኖ ሳለ እጃቸው የሷ ራስ ላይ መሆኑን ነበር የማየው። ተረቱማ ያኔ አልገባኝም።

ነሐሴ ሲገባ አባቴን ታይፎይድ ጣለው። ከአልጋ ወደ ሐኪም ቤት፣ ከሐኪም ቤት ወደ አልጋ ሆነ፤ እናቴም ፊቷ ጠቆረ። ጊዜው ፍልሰታ ነበር። የሰፈሩ ልጆች እስከ ስድስት ሰዓት ሲጾሙ እኔ እስከ ዘጠኝ ጾምኩ፣ ለአባቴ። ማንም አላዘዘኝም። ሆዴ ሲጮህ ከሱቁ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። ፈቲያ ታዲያ ብስኩቷን ይዛ ከሱቁ ጀርባ ትዞርና ብቻዋን በልታ አፏን ጠርጋ ትመጣለች። ስስታም! እል ነበር በልቤ።

ጾሙ ተፈቶ ጥቂት ቀን እንዳለፈ አባቴ ተነሣ። ጋቢውን ለብሶ፣ እኔን ተደግፎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ሱቁ ሄደ። አባባ ከድር መስኮቱን ትተው በበር ወጡ። «አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ! ይቺ ልጅ በየሶላቱ ዱዓ ስታደርግልህ ነው የከረመችው» አሉት። አባቴ ጎንበስ ብሎ ፈቲያን ግንባሯን ሳማት። «እንግዲያው ያዳነኝ የፈቲያ ዱዓ ነዋ!» አለ፤ ከረሜላም ገዛላት። ለኔም ገዛልኝ፣ ለሷ ከገዛ በኋላ።

እርር ድብን አልኩ። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ የጠወለገው የማን አንጀት ነው? የገዛ አባቴ! ያን ከረሜላ ወደ ቦዩ ወረወርኩት።

እንቁጣጣሽ መጣ። እናቴ ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር የምታደርጋት ነገር ነበረች። ለኛ ዶሮ ታርዶ ሲያበቃ፣ ለጎረቤት የተገዛውን ሌላ ዶሮ አባባ ከድር በጠዋት መጥተው በእጃቸው፣ በቢስሚላህ ያርዱታል። የኛ በትልቁ ድስት፣ የነሱ በትንሹ አረንጓዴ ድስት ይሠራል። ጭልፋው ለየብቻ፣ ቢላው ለየብቻ። እኔ እንኳ በስህተት ጭልፋ ባቀያይር እጄን ትመታኛለች። እኛ የነሱን ሥጋ አንበላም፣ እነሱም የኛን። ይህን በሰፈራችን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

የዚያን ቀን «እንኳን አደረሳችሁ!» የሚሉ ዘመዶች ገቡና እናቴ ሳሎን ተያዘች። «ሰናይት፣ አንቺው ጨልፈሽ አድርሺላቸው! ከትንሹ!» አለችኝ እየተጣራች።

ሁለቱን ክዳኖች ከፈትኩ። ወጡ በመልክ አንድ ነው። እጄ ከትልቁ ድስት ጨለፈ። እጄ ልበል እንጂ እኔው ነኝ። ፈቲያ የክርስቲያን ሥጋ በልታ፣ አምላኳ ፊቱን ሲያዞርባት አያለሁ ብዬ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

አደረስኩላቸው። «ቁጭ በዪ» ቢሉኝ ቁጭ አልኩ፤ ለማየት። ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ። ፈቲያ ጎረሰች። ዋጠች። ዓይኔን ሳልነቅል አየኋት፤ ምንም የለም። አንድ አውሮፕላን በላያችን አለፈ። አባባ ከድር እንደ ልማዳቸው ፈረሰኛውን ለፈቲያ አወጡላት። እሷ ግን በእንጀራ ጠቅልላ ወደኔ ዘረጋችው፤ «ይሄ ለሰናይት! አፏ ላይ ላጉርሳት።»

«ተይ፣ ተይ!» ብለው እጇን ያዙ። «ይሄ በኔ እጅ የታረደ ነው፤ ለሷ አይሆንም። እናቷ እኛን አምና ነው የላከቻት። ያን ሁሉ ቀን ለአባቷ የጾመች ልጅ፣ እኛ ቤት ሃይማኖቷ ይበላሽባት?»

ያውቁ ነበር! መጾሜን ያውቁ ነበር። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «አትብሉ!» ብዬ ጮህኩ። «ከትልቁ ድስት ነው!»

አባባ በእጃቸው የያዙትን መልሰው አስቀመጡ። ወጥተው አፋቸውን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጡ። ፈቲያ ጣቶቿን እያየች «አላህ ተቆጣኝ?» ብላ ማልቀስ ጀመረች። «የለም፣ ልጄ። አታውቂም ነበር። ያላወቀ አይጠየቅም» አሏትና ወደኔ ዞሩ። «ተሳስተሽ ነው?»

አዎ ብል ያልቅ ነበር። «አውቄ ነው» አልኩ። «አባቴን ያዳንኩት እኔ ነኝ! የጾምኩት እኔ ነኝ! ሁሉም ግን ፈቲያ፣ ፈቲያ!» ከዚያ በኋላ ለቅሶ ነው።

አባባ «እናትሽ ሁለት ድስት የምትጥደው ለምን ይመስልሻል?» አሉኝ።

«ልማድ ነው።»

«ድንጋዩ ነው፣ ሰናይት። የራሷን አይደለም፣ የኛን ድንጋይ ነው የምትጠብቅልን። ዛሬ የገፋሽው እሱን ነው።» አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። «በይ ሂጂ፣ ከትንሹ አምጪ። ልጅቷ ርቧታል። እናትሽም አትስማ፤ በዓመት በዓል አትዘን።»

ፈቲያ ሳህኑን ይዛ እስከ በራችን ተከተለችኝ። ያኔም ቅናቴ አልለቀቀኝም። ምን ዓይነት ቃል ብታውቅ ነው አባቴ የዳነ? ቃሉን ልሰርቃት ፈለግኩ። «ዱዓ ስታደርጊ ምን ነበር የምትዪው?» አልኳት።

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «‹ያ አላህ፣ ሰናይት በጣም ርቧታል፤ ጾሟን ተቀበላት› ነው የምለው» አለች። «ሌላ አላልኩም።»

ሱቋ ዛሬ የለችም፤ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። አባባ ከድር ካረፉ ቆይተዋል፤ ፈቲያም አግብታ አየር ጤና ትኖራለች፣ በየበዓሉ እንደዋወላለን። እናቴ የዚያን ቀኑን ነገር ሳትሰማ አረፈች። ተረት አንድም ቀን አልነገረችኝም ብዬ የማዝንባት እናቴ፣ ሁለት ድስት ስትጥድ ነው የኖረችው። አረንጓዴው ድስት አሁን እኔ ጋ ነው፤ እንግዳ ሲኖረኝ እሱን እለያለሁ። እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ፤ ድንጋዬን አልለቀቅኩም። ስጸልይ ግን ለልጆቼ፣ ለጤናዬ፣ ለቤቴ እላለሁና ያልቃል። የሌላ ሰው ጸሎት ይሰማለት ብዬ ግንባሬን የደፋሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ፈቲያ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። አሁንም እቀናባታለሁ።