ግድግዳ የሚያልፍ ዋይፋይ

ተራ በምንጠብቅበት ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ መደርደሪያ ፊት የቆመችው ሴትዮ ሹራቧን ገልብጣ ነው የለበሰችው። እግሯ ላይ ያለው የቤት ነጠላ ጫማ ነው። ሞደሙም ዋይፋዩም አንድ ላይ የሆነ መሣሪያ ፈልጋ ካርቶኖቹን ታነሳለች፣ ታገላብጣለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች።

“ግድግዳ አልፎ የሚሄደው የትኛው ነው፣ የኔ ልጅ?” አለችው ሻጩን።

“ቤትዎ ሰፊ ነው?”

“ሁለት ክፍል ነው። የአንዱ በር ግን አይከፈትም።”

ሻጩ ግራ ገብቶት ሲያያት ዓይኗን ከካርቶኑ ሳትነቅል ነገረችው። ልጇ ክፍሉን ከውስጥ ቆልፎ መኖር ከጀመረ ከርሟል። ምግቡን በሩ ሥር ታስቀምጥለታለች፤ እሱም ሲም በሌለው ስልኩ “በላሁ” ብሎ ይጽፍላት ነበር። ሌላ ወሬ የላቸውም። አሮጌው ሞደም ከተቃጠለ ወዲህ ያም ቀረ። ኮቴውን ትሰማለች፤ ሳህኑ ግን እንደሞላ ያድራል።

“ባለሙያ ልላክልዎት፣ እናቴ?”

“ሰው ከመጣ ይብስበታል። ገመዱ የት እንደሚሰካ ብቻ አሳየኝ።”

ሻጩ አንዱን ከካርቶኑ አውጥቶ ኤሌክትሪክ ላይ ሰካው። “ለዚህኛው የድሮውን የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል እሰጠዋለሁ። ያኔ የልጅዎ ስልክ ራሱ ይገናኛል፤ ምንም መንገር አይጠበቅብዎትም። የይለፍ ቃሉ ምን ነበር?”

ሴትዮዋ ተራ ወደምንጠብቀው ሰዎች ዞር ብላ አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

“‘አታንኳኪ’ ነው የሚለው” አለች። “እሱ ነው ያወጣው።”