የጋሽ ዋለልኝ ቤልቦተም

ጭሮ ውስጥ ጋሽ ዋለልኝን ለማወቅ ፊታቸውን ማየት የግድ አይደለም፤ ሱሪያቸው ይበቃል። በመንገድ ሥራ ግሬደር ነጂ ነበሩ። የበደሳንና የመቻራን መንገድ ሲጠርጉ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ መጥረጉን ግን አልተዉም። ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚለብሱት ቤልቦተም ከጉልበት በታች እየሰፋ ሄዶ ጫማቸውን ይውጠዋል፤ በሄዱበት ሁሉ የከተማውን አቧራ እያስነሳ ይከተላቸዋል። ማዘጋጃ ቤቱ ደመወዝ ሳይቆርጥላቸው መቅረቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የሰፈሩ ልጆችማ ስም አውጥተውላቸዋል፤ "መጥረጊያ" ነው የሚሏቸው።

ፀጉራቸውም ያው አፍሮ ነው። መሃሉ ሳስቷል፤ ጎንና ጎኑ ግን ዘመኑ ያለፈ መሆኑን የነገረው የለም። ሱሪው ባረጀ ቁጥር ልብስ ሰፊዋ ኡምኩልሱም በዚያው ልክ ሌላ ትሰፋላቸዋለች፤ ከእሷ በፊት ደግሞ እናቷ ነበሩ የሚሰፉላቸው። የእኔ ሱቅ ከኡምኩልሱም ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራልና የሚባለውን ሁሉ እሰማለሁ። ሐሜት እወዳለሁ ማለት አይደለም፤ ግድግዳው ስስ ነው።

የሰፈራችን ልጅ ሩሐማ የሚዲያ ኮርስ ትማራለች። መምህሯ ለልምምድ በድሮ ዘይቤ የሙዚቃ ክሊፕ ሠርታችሁ አምጡ አላቸው። የዚያ ዘመን ክሊፕ መቼም ይታወቃል። ዘፋኙ አበባ መሃል ይቆማል፤ ሽቦው የትም ያልተሰካ ማይክ ይይዛል፤ አንዷን አበባ ነካ ያደርግና እዳ እንዳለበት ሰው ሩቅ ሩቁን ያያል። ዘፈኑን የክፍል ጓደኛዋ ሮቤል በኪቦርድ ሠርቶላታል። የቀራት በዘፈኑ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ዘፋኙን የሚሆንላት ሰው ብቻ ነበር፤ እሱንም ለመምረጥ አፍታ አልፈጀባትም።

ችግሩ ሩሐማ ጨዋ ልጅ መሆኗ ነው። አባቷን የሚያህሉትን ሰው "ጊዜ ስላለፈብዎት ፈለግኩዎት" ብላ እንዴት ትናገር? እኔ ሱቅ በር ላይ ለስላሳ ይዘው ተቀምጠው አገኘቻቸው።

"ጋሼ፣ ክሊፕ ልሠራ ነው። ከተማውን ሁሉ ሳስበው እንደ እርስዎ አለባበስ የሚያውቅ ሰው አጣሁ" አለቻቸው። "ድሮ" የምትለዋን ቃል ዋጥ አደረገቻት።

ጋሽ ዋለልኝ ጠርሙሱን አስቀመጡ። ፊታቸው በርቶ እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም። "ለአንቺ ሲሆንማ ምን ገዶኝ!" አሉ። ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ልጆቹ "መጥረጊያ!" ብለው ቢጮሁም ዞር ብለው አላዩም።

በማግስቱ እኔ ዕቃ ላመጣ ሂርና ሄድኩ፤ ብኖር ኖሮ በግድግዳው በኩል እጮህ ነበር። ኋላ ኡምኩልሱም እንደነገረችኝ፣ ጋሽ ዋለልኝ ያሏቸውን ሦስቱንም ሱሪ ተሸክመው መጥተው "ቁረጪው" ይሏታል።

"ምኑን?"

"ከጉልበት በታች ያለውን ስፋት። ጠባብ አድርጊልኝ፤ ወጣቱ እንደሚለብሰው።"

"አቦ ጋሽ ዋለልኝ፣ ምን ነካዎት? ወላሂ እጄ እምቢ ይለኛል!"

"ልጅቷ ሰው ፊት ልታቀርበኝ ነው። በአሮጌ ሞድ ቀርቤ ላሳፍራት?"

ኡምኩልሱም የክሊፑን ነገር አታውቅም፤ የሽማግሌ ቃል አክብራ ቆረጠችው።

ቀረጻው በአንድ ሆቴል ግቢ፣ በጠዋት ሆነ። ከምሳ በኋላ ጭሮ ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ስለሚቀመጥ ሥራ ያለበት ሰው በጠዋት ነው የሚሠራው። እኔም ሱቄን ቆልፌ ሥራ ፈት ሆንኩና ወንበር ተሸክሜ አጀብኩ። የግቢው በር ተከፈተ፤ ጋሽ ዋለልኝ ገቡ። ራሳቸውን ተላጭተው ያበራሉ። ሱሪው ቁርጭምጭሚታቸው ጋ ሳይደርስ አልቋል። ከሥሩ ነጭ ስኒከር። ለካ ያን ሁሉ ዘመን በዚያ ሁሉ ጨርቅ ውስጥ የነበረው እግር የሸንኮራ አገዳ ያህል ነው!

ሮቤል ካሜራውን ዝቅ አደረገ። ሩሐማ ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና "ያምርብዎታል፣ ጋሼ" አለች። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

አበባው መሃል አቆመቻቸው፤ ማይኩን ሰጠቻቸው። ከአጥሩ ውጭ የጫት አይሱዙ ጡሩንባውን እየነፋ ሲያልፍ እንደገና ጀመሩ፤ እንደገናም ጀመሩ። በመጨረሻ ሮቤል ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ "ነገ እኮ ነው የምናስረክበው፤ ይሄ የድሮ አይመስልም" አላት። የሮቤል ሹክሹክታ ግን ሆቴሉን በሙሉ ያዳርሳል።

"ምን አጠፋሁ?" አሉ ጋሽ ዋለልኝ፣ ማይኩን እንደያዙ።

ሩሐማ እኔን አየችኝ። ያስቸገረን የፀሐዩ ብርሃን ነው ብትላቸው ያምኗት ነበር። እሷ ግን ካሜራውን ትታ ፊታቸው ሄዳ ቆመች።

"እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ጋሼ። የምንሠራው የድሮ ክሊፕ ነው። የፈለግኩዎት ለቤልቦተሙና ለአፍሮው ነበር። 'ድሮ' ልልዎት አፈርኩ።"

ጋሽ ዋለልኝ የተላጨ ራሳቸውን ዳሰሱ። "ከተማው ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፣ ልጄ፤ ጆሮ አለኝ። አንቺ ብቻ እንደ ሌላው አላየሽኝም ብዬ ነው ደስ ያለኝ" አሉ።

ሩሐማ አለቀሰች። በሳቃችን መሃል የሚሰማ ሰው እንዳለ ማናችንም አስበን አናውቅም።

"ተይ እንጂ" አሉ፣ ትከሻዋን መታ መታ አድርገው። "ዓይንሽ አብጦ በምን ታዪኛለሽ? ከወገብ በላይ አንሺኝ። ኮፍያም ፈልጉልኝ።"

የሆቴሉ ዘበኛ ኮፍያውን አዋሰ። ጋሽ ዋለልኝ አበባዋን ነክተው ሩቅ አዩ፤ የዚያን ቀን እንዴት እንደሚታይ የሚያስተምራቸው አላስፈለጋቸውም። ከንፈራቸው ከዘፈኑ ትንሽ ወደ ኋላ እየቀረ አስቸገረ። ሌላ ጊዜ ስላልነበረ እንዳለ ተወሰደ። መምህሩ ክፍል ውስጥ ከሁሉም በላይ ያደነቀው ያንን መዘግየት ነው አሉ፤ "የድሮው የከንፈር አለመገጣጠም በጥናት የገባበት" ብሎ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ዋለልኝ በጠባቡ ሱሪ ከተማውን ዞሩ። ልጆቹ የሚሉት አጡ። አቧራ ሳይነሳ፣ ማንም ሳይስቅ፣ እንደ ማንኛውም ጡረተኛ ያልፋሉ። እኔ ራሴ በሱቄ ደጅ አልፈው ሳላያቸው የቀረሁበት ቀን ነበር፤ ማለፋቸውን ኋላ ስሰማ ከፋኝ።

አንድ ጠዋት በግድግዳው በኩል ድምፃቸውን ሰማሁ። ለኡምኩልሱም ቡናማ ጨርቅ ይዘውላት መጥተዋል።

"እንደ ድሮው ላድርገው?" አለች።

"ከድሮው ይስፋ።"

"ከዚያም በላይ? ሰው ይስቃል አቦ!"

"ይሳቅ። የቆረጥኩት ለእሷ ብዬ ነው። የምለብሰው ግን ድሮም ደስ ስለሚለኝ ነበር።"

ሜትሯን መሬት ለመሬት ስትጎትት ተሰማኝ። "ይበቃል?" አለች።

"ገና ነው" አሉ ጋሽ ዋለልኝ።