ግንባሯን ዳበሳት

አጋሮ መውጫ ላይ የዘይቷ ቀይ መብራት በርታ አልጠፋ ስትለው፣ ኤርሲዶ ቡና የጫነችውን መኪና አቁሞ መካኒክ አስጠራ። የመጣው ሽማግሌ ቱታው በዘይት ጠቁሯል፤ ነጭ ኮፊያውን ግን አንዲት ጠብታ አልነካችውም። ጋቢና የተቀመጠውን ካድሬ ሰላም እንኳ አላለውም። ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት የመኪናዋን ግንባር እንደ ላም ግንባር ዳበሰ።

መብራቷን የሚያበራውን የዘይት ግፊት ጠቋሚ ፈታ፣ በቦታው የእጅ መለኪያ አሰረና ሞተሩን አስነሳ። የመለኪያው መርፌ ከዜሮ ንቅንቅ አላለም። ጠቋሚው አልዋሸም፤ ዘይቱ ነው የማይወጣው።

«ቶሎ በላ!» አለ ካድሬው።

«ጠቋሚው ነው ጓድ፤ ይቀየራል» አለ ሽማግሌው።

ከኪሱ መብራት የማያበራ የሞተ ጠቋሚ አውጥቶ ገጠመ። መብራቷ ጠፋች።

«አባባ፣ መርፌውን አይቻለሁ እኮ» አለ ኤርሲዶ በሹክሹክታ። «መንገድ ላይ ሞተሩ ያለ ዘይት ነክሶ ይደርቃል።»

«የኔ ነበረች። ሲወርሱኝ ቁልፏን ከእጄ የነጠቀኝ ይሄ ጋቢና ያለው ነው። በነሱ እጅ ከምታረጅ በኔ እጅ ትሙት። ሲጠይቁህ፣ መንገድ ላይ መብራት አልበራም በል።»

ኮፈኑን ዘጋ። መዳፉን ግንባሯ ላይ አሳርፎ፣ «ቢስሚላሂ፣ አላሁ አክበር» አለ።

ኤርሲዶ ጴንጤ ነው፤ ጅማ ሲኖር ግን ይህን ሰምቶ ያውቃል። ከብት ሲታረድ፣ ቢላዋው ከማረፉ በፊት ነው የሚባለው።