እናቴ በሦስተኛው ክፍል ስትሞት

ልብ ወለዴ ሲወጣ ዲላ ውስጥ የገዛው ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆመ አመሰገነኝ። ያነበበው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። መጽሐፉ የእናቴ ታሪክ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ በቡናና በእንሰት መሀል ስላሳደገችን፣ በልጅነቷ ስለሞተችው እህቴም። እናቴ ማንበብ አትችልም። ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቃት «ይጽፋል፤ እግዜር ይርዳው» ትላለች።

ከዚያ አንድ የአዲስ አበባ ፕሮዲውሰር ተከታታይ ድራማ እናድርገው አለኝ። እኔው ልጽፈው ተስማማን፤ ብጽፈውም እያንዳንዱ ስብሰባ አንድ ነገር ቆርጦ ይሄዳል። ጭቃ ቤታችን ቪላ ሆነ፤ ቪላ የሌለበት ድራማ ማን ያያል? የእንሰቱ ማሳ በረንዳ ላይ በቆሙ ሁለት የአበባ ማሰሮዎች ተተካ። እህቴም ወጣች፤ ተመልካች ላልለመዳት ልጅ አያለቅስም ተባልኩ። በሦስተኛው ክፍል ደግሞ እናቴን የምትጫወተው ተዋናይት ሌላ ድራማ አገኘችና እናቴ በመኪና አደጋ ሞተች። ይህንን ሳይነግሩኝ ስለጨመሩት እኔም እንደማንኛውም ሰው በቴሌቪዥን ነው ያየሁት።

ዲላ ታሪኩ የማን እንደሆነ ያውቃል። «የደራሲው እናት እኮ ሞተች» የሚለው ወሬ በማግስቱ ጠዋት ገበያ ውስጥ ተነሳ። ገደብ ከተማ ያሉት ዘመዶቻችን ጋ ሲደርስ ስለ ድራማው የሚያወራው ግማሹ መንገድ ላይ ተንጠባጥቦ ቀርቷል። እነሱም ባገኙት አውቶቡስ ተሳፍረው እያለቀሱ ከተፍ አሉ። የእድሩ ድንኳን በባጃጅ ተጭኖ ግቢያችን ሲገባ እናቴ ጓሮ እንሰት ትፍቅ ነበር።

ለቀስተኛ ሳይቀምስ አይሸኝምና ሟች ራሷ ቆጮ አቀረበች። ከገደብ የመጣው አጎቴ ያን ሁሉ እንባ በከንቱ ማፍሰሱ ቢቆጨው ለምን አልሞትሽም በሚል ፊት አፈጠጠባት። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቴሌቪዥን ስለሌላት ቪላ ውስጥ ኖራ በመኪና አደጋ መሞቷን ያስረዳኋት እኔ ነኝ። ስትስቅ ቆየችና ድንገት ሳቋን ዋጥ አደረገች።

«እህትህስ? እሷን አሳዩ?»

«የለችም እማዬ። አወጣናት።»

«ከመጽሐፉም?»

«መጽሐፉ ላይ አለች።»

እናቴ እጇን ታጥባ መጥታ ድንኳኑ ውስጥ ከፊቴ ተቀመጠች።

«እኔን ይግደሉ፤ ምን ቸገረኝ» አለች። «እሷ ያለችበትን አንብብልኝ።»

መጽሐፉን ከቤት አምጥቼ አነበብኩላት። ከታተመ ጀምሮ መጽሐፌን ሰው ሲሰማው የመጀመሪያው ነበር፤ ለዚያውም በገዛ እናቴ ለቅሶ። እህቴ ከቡናው ሥር ቀዩን ፍሬ እየለቀመች ግማሹን ቅርጫት፣ ግማሹን አፏ ውስጥ ትከታለች። እናቴ አዎ፣ እንደዚያ ነበረች በሚል አንገቷን ትነቀንቃለች። አጎቴ አሁን ማንም ሳይጠራው እንደገና አለቀሰ። እህቴ ወደታመመችበት ገጽ ልገልጥ ስል ግን እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«እዚያ አትድረስ» አለች። «ከላይ ጀምርልኝ።»

ከላይ ጀመርኩ።