ከዋሊሰለን ድንኳን ጋር የተጣላሁበት ፋሲካ

ከአገር የወጣሁ ዕለት እናቴ አላለቀሰችም፤ ጌሾ ስትሸመጥጥ ነበር። ለሚካኤል ዝክር ጠላ ልትጥል ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እኔም ከፊቷ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ አንዱን ዘንግ እሷ አንዱን እኔ እያነሳን ቅጠሉን ስናራግፍ ታክሲው በር ላይ ጥሩምባውን ነፋ። ተነሳሁ። "እሷን ጨርሺልኝና ትሄጃለሽ" አለችኝ፣ በእጄ የያዝኳትን ዘንግ ማለቷ ነው። አልጨረስኳትም። ሰፌዱ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። አውሮፕላኑ ውስጥ ጣቶቼን ሳሸት አደርኩ፤ ጌሾ ጌሾ ይሉ ነበር።

ጄኔቭ የመጣሁት የሰው ልጅ ላሳድግ በሞግዚትነት ነው። የቀረውን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ፔርሚ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ መጠበቅ፣ ቢሮ ማጽዳት፣ ትዳር፣ ከዚያ ደግሞ ያለ ትዳር መኖር። የተረፈችኝ ልጄ ቤዛ ናት። እዚሁ ተወልዳ ለዛቫንሼ የሚባለው ሰፈር ፎቅ ላይ አደገችና፣ አሁን ዙሪክ አጠገብ ዋሊሰለን ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። የምትኖረው ፍራው ሩት የሚባሉ አሮጊት ቤት አንድ ክፍል ተከራይታ ነው።

ስለ ፍራው ሩት ከመናገሬ በፊት እግዚአብሔር አፌን ይጠብቀው።

ጾሙ ሊያልቅ ሲል ቤዛ ደወለች። "ማማ፣ ለፋሲካ አልመጣም። ሬኮልት አለን።"

"የምን ሬኮልት?"

"መከር ነው፣ ማማ።"

"ፎቅ ላይ ምን ዘርታችሁ ነው የምታጭዱት?"

"ፕላንት። ሩትሊ እጇ ያማታል፣ መቀስ አይዝም። እኔ ነኝ የምቆርጠው።"

ሩትሊ! ሽበታቸው እንደ ጥጥ የነጣውን ሴትዮ አቆላምጣ ስትጠራ ሰማኋት። እኔን ከማማ ሌላ ብላኝ አታውቅም።

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ሽሮዬን ቋጥሬ በባቡር ሄድኩ። ልጄን ለፋሲካ ይዤ ልመለስ ነው እንጂ ቤት ልጎበኝ አልነበረም። ደረጃው ላይ ገና ስወጣ አንድ ሽታ ተቀበለኝ፤ የፍየል በረት ውስጥ ሎሚ የተጨመቀ ይመስል። ጎረቤት ሁሉ እያለፈ "ግሩኤጺ" ብሎ ሰላም ይላል እንጂ አፍንጫውን የሚይዝ የለም። እኔ ጄኔቭ ሽንኩርት ስላቁላላሁ፣ ቤቱን የሚያከራየው፣ ረዢ የሚሉት ድርጅት ሰው ልኮብኝ ነበር።

"ማዳም፣ ኮሪደሩ ይሸታል።"

"ምን ምን ይሸታል?"

"ምግብ ምግብ።"

"ምግብ መሥራት ተከልክሏል?"

"ኧረ አልተከለከለም። ሽታው ነው እንጂ።"

ለእኔ ቀይ ወጥ ሰው የሚላክበት አገር፣ ለፍራው ሩት ጓዳ ዝም ይላል።

ጓዳው ውስጥ ቁም ሳጥን የሚያህል ጥቁር ድንኳን ቆሟል። ዚፑን ልከፍት ስል ቤዛ እጄን ያዘችኝ። "ማማ፣ ተኝተዋል! መብራታቸው እስኪበራ ጠብቂ።"

"ማናቸው የተኙት?"

"ፕላንቶቹ። አበባ ሲያወጡ ግማሽ ቀን ጨለማ ይፈልጋሉ። ትንሽ ብርሃን ከገባ ይረበሻሉ።"

እኔ ቢሮ ላጸዳ በጨለማ ስነሳ ልጅ ሳለች አብረን በምንተኛባት አንድ ክፍል ስንት ቀን መብራት አብርቼባት ትራስ ራሷ ላይ እንደጫነች ትዝ አለኝ። ለእሷ ያልጠበቅኩላትን እንቅልፍ ለቅጠል ትጠብቃለች። በቅጠል ቀናሁ። ይቅር ይበለኝ።

መብራቱ በራ፣ ዚፑ ተከፈተ። ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ ጣት፣ አበባው ወፍራምና ስኳር የተነሰነሰበት የሚመስል። አማተብኩ።

"ቤዛ፣ ሐሺሽ ነው እንዴ?"

"ኖ፣ ማማ! የማያሰክረው ዓይነት። የተፈቀደ ነው። ለእጇ ቅባት ትሠራበታለች።"

"ፖሊስ ያውቃል?"

ቤዛ በጀርመንኛ ስትነግራቸው ፍራው ሩት ሳቁ። የታች ቤቱ ፖሊስ እናት ለጉልበታቸው ከዚሁ ቅባት ነው የሚወስዱት አሉ።

ጠረጴዛው ላይ ትሪ ተቀመጠ። ቤዛ ቅርንጫፉን ገልብጣ ይዛ በትንሽ መቀስ ቅጠል ቅጠሉን ትከረክማለች፣ አበባውን ሳትነካ። ሴትዮዋ የቆረጠችውን እያዩ በአንገታቸው "ጥሩ ነው" ይላሉ። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ሲወድቅ፣ የቤዛ እጅ የአበባው ሙጫ ስለያዘው፣ ፍራው ሩት በዚያ በተጣመመ እጃቸው ጀርባ መለስ አደረጉላት። እሷም ቀና ሳትል ወሬዋን ቀጠለች። ይህን ያህል ወሬ ከየት አመጣችው? ለእኔ በስልክ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ነው።

እኔ ከልጄ ጋር ትሪ መሀል አድርጌ ተቀምጬ አላውቅም። ሥራዬ አላስቀመጠኝም። ያንን መቀመጥ ሌላ ሴት አስተማረቻት።

"እኔም እችላለሁ" አልኩና አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ አነሳሁ። መቀስ ምን ያደርግልኛል? እንደ እናቴ በግራዬ ጫፉን ይዤ በቀኜ ሽምጥጥ! ቅጠሉም አበባውም አንድ ላይ ተፈርክሶ ትሪው ላይ ተከመረ።

"ናይ፣ ናይ፣ ናይ!" ፍራው ሩት በጀርመንኛ እየከለከሉኝ ከወንበራቸው ተነሱ።

"ማማ! ምን አደረግሽ!"

"ጌሾ እንዲህ ነው የሚሸመጠጠው።"

"ይሄ ጌሾ አይደለም!"

ላለቅስ ምንም አልቀረኝ። የአበባው ሙጫ መዳፌ ላይ ተጣብቆ በሳሙና አልለቅ አለኝ። ፍራው ሩት ተቆጥተውም ቢሆን ዘይት አመጡና እጄን ወስደው ጣት በጣት ያሹልኝ ጀመር። የገዛ ጣታቸው እያመማቸው። እጄን ልስብባቸው ፈልጌ ነበር፤ አልሳብኩም። እጄን ሰው የያዘልኝ ከመቼ ወዲህ እንደሆነ አላስታውስም። ሴትዮዋን የበለጠ ጠላኋቸው።

ስወጣ ቤዛ እስከ ጣቢያው ሸኘችኝ። "ዳኮር፣ እሺ ማማ፣ እመጣለሁ። የቆረጥነው እስከ ፋሲካ ይደርቃል። ግን ሩትሊ ብቻዋን ናት። ከእኔ ጋር ትምጣ?"

"አስቤ እነግርሻለሁ" አልኳት።

ያሰብኩት እናቴ እንድትፈርድልኝ ነበር። በሰሙነ ሕማማት ደወልኩ። ያነሳችው እናቴን የምትጦርልኝ ዘነቡ ናት። "እትዬ አልማዝ! ይቆዩ፣ እማዬን ላቅርብልዎ።"

እማዬ አለቻት፣ የእኔን እናት።

"እጄን ጌሾ ይዞታል" የሚል የእናቴ ድምፅ መጣ። "ጆሮዬ ላይ ሻሼ ውስጥ ወሽቂልኝ ልጄ።" ልጄ ያለችው እኔን አልነበረም።

ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ሰምታኝ "ሴትዮዋ ልጅ የላቸውም?" አለች።

"የላቸውም።"

"እንግዲህ እንጃ። ዘነቡም ለበዓል እህቷ ጋ ልትሄድ ነበር፣ ለእኔ ብላ ቀረች።" ከዚያ ቅጠሉ ሰፌዱ ላይ ሲረግፍ በስልኩ ሰማሁት፤ አንዴ ከወዲህ፣ አንዴ ከወዲያ፣ የሁለት ሰው እጅ።

ስልኩን ስዘጋ ለቤዛ ጻፍኩላት፦ "ይምጡ። ግን ገበታው ላይ አንቺ የምትቀመጪው እኔ አጠገብ ነው።"

እናቴ አጠገብ ማን እንደሚቀመጥ አልጠየቅኩም።