ባዶ ጄሪካን ይዞ ወደ እሳት ደሴት

ኦክላንድ፣ ከመነሳታችን በፊት

ይህን ጉዞ ያመጣው የእኔ አፍ ነው። ሰው ወደ ሃዋይ የሚሄደው ለጫጉላ፣ ለባህር፣ ወይም ጎረቤቱ ስለሄደ ነው። እኛ የሄድነው ለአማቴ ጉልበት ነው።

አማቴ እማማ ዘነበች ከአዲስ አበባ መጥተው ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ ቀኝ ጉልበታቸው ከደረጃ ጋር ተጣልቷል። ሳን ሆዜ ያለው ሐኪም ራጁን አይቶ፣ መገጣጠሚያው አልቋል፣ በቀዶ ጥገና መቀየር አለበት አለ። ባለቤቴ ሰብለ ቀን አስያዘች። እማማ ግን፣ «እኔ መኪና ነኝ እንዴ ዕቃ የሚቀየርልኝ? ሁለት ሳምንት ፍልውሃ ብገባ የሚለቀኝን ነገር!» ብለው እምቢ አሉ።

እኔ ደግሞ ሰው ሲጨቃጨቅ ዝም ማለት አልችልም። አንድ እሑድ ምሳ ላይ፣ «እማማ፣ ለፍልውሃ አዲስ አበባ ድረስ ምን ያስኬድዎታል? ሃዋይ የሚባል ከሥሩ እሳት የሚነድበት ደሴት አለ። እዚያ ያለው ፍልውሃ አንካሳ አህያ ብትገባበት እስክስታ እየመታች ነው የምትወጣው» አልኩ። ኤርፖርት ሰው ሳመላልስ ብዙ ዓመት ስለኖርኩ የሃዋይን ወሬ ከተሳፋሪ በነፃ ሰብስቤያለሁ። አህያዋን ግን የጨመርኳት እኔ ነኝ።

እማማ ሊጎርሱ የነበረውን መልሰው ትሪው ላይ አኖሩ።

«ውሰደኝ» አሉ።

ሰብለ ማዕድ ቤት ጠርታ አፋጠጠችኝ። «አንተ ነህ ጭንቅላቷ ውስጥ የከተትከው፣ አንተው ታወጣዋለህ!» ከብዙ ድርድር በኋላ ተስማማን፦ ደሴቱ ድረስ እንሄዳለን፤ ውሃው ካሻላቸው ቀዶ ጥገናው ይቀራል፤ ካላሻላቸው፣ በእማማ ቃል፣ «ያኔ እናያለን»። ሐኪም ቤቱ ደግሞ እስከ ሰኞ ካላረጋገጣችሁ ተራው ለሌላ በሽተኛ ይሰጣል ብሏል። የምንመለሰው እሑድ ነው።

በዋዜማው የእማማን ሻንጣ ስዘጋ አልዘጋ አለኝ። ብከፍተው ከልብሱ መሃል ቢጫ የዘይት ጄሪካን፣ ባለ አሥር ሊትሩ፣ ታጥቦ ተቀምጧል።

«ይሄ ምንድን ነው፣ እማማ?»

«ለውሃው ነዋ። ከተሻለኝ ለክረምቱ ይዤ እመለሳለሁ።»

ሰብለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ያ ጄሪካን ሞልቶ ከተመለሰ ቀዶ ጥገናው ቀረ ማለት ነው። አንተም ከዚያ ወዲያ መኝታህ ሶፋ ላይ ነው» አለችኝ። ሶፋችን አጭር ነው።

ኦክላንድ ኤርፖርት ፈታሹ ጄሪካኑን አውጥቶ አየው፣ አሸተተው፣ ገለበጠው። «ባዶ ነው?» አለኝ። «እስካሁን» አልኩት። ሰብለ እግሬን ረገጠችኝ።

ኮና፣ ባህርና ጎደሬ

አምስት ሰዓት ገደማ በረርን። በአውሮፕላኑ የሚሸጠው ሳንድዊች ዋጋው እንጂ ጣዕሙ ስለማይታወስ፣ ሰብለ የያዘችውን ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምን ሄድን። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጃችን ሊዲያ ጆሮዋን በሙዚቃ ደፍና፣ የምታውቃቸው ሰዎች አለመሆናችንን ለማስመሰል ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ኮና በምትባለው የሃዋይ ከተማ ስናርፍ ከአውሮፕላን ማረፊያው ዳር እስከ ተራራው ድረስ ምድሩ ጥቁርና ስንጥቅጥቅ ያለ፣ ምድጃ ላይ ተረስቶ ያረረ ሽሮ ይመስላል። እሳተ ገሞራው ያፈሰሰው ነው። እማማ አዩትና፣ «ይህን ያህል ከነደደ ውሃው ሳይፈላ አይቀርም» አሉ። ሰብለ በዓይኗ ወጋችኝ።

መኪና ተከራየን። እዚህ ቤንዚኑም ወተቱም ባህር ተሻግሮ ስለሚመጣ፣ ዋጋው የአውሮፕላን ትኬት የቆረጠ ይመስላል። ርካሽ ሆኖ ያገኘነው መንገድ ዳር በጠረጴዛ ላይ ያለ ሻጭ የተቀመጠ ፓፓያ ነበር፤ ገንዘቡን ሣጥን ውስጥ ጥለህ ታነሳለህ። እማማ ሻጭ የሌለበት ገበያ ስላላመኑ፣ ዕቃ ሲነሳ የሚያይ ሰው ይኑር ብለው ቆመው ጠበቁ።

ጎብኚ ሁሉ የሚሮጥለት የመጀመሪያው ነገር መነጽር አጥልቆና መተንፈሻ ቱቦ ነክሶ ዓሣ ማየት ነው። ሰብለና ሊዲያ እንደ ዳክዬ ተንሳፈፉ። የእኔን መነጽር ፂሜ አላስገጥም ብሎ ውሃ ሞላው። በጭላንጭል ያየሁት አንድ ቢጫ ዓሣ ነው፤ እሱም እኔን አይቶ ሸሸ።

እማማ ዳር ላይ ከዛፍ ጥላ ሥር ሆነው፣ «ምን አየህ?» አሉኝ።

«ዓሣ ነባሪ።»

«ስንት?»

«ሁለት። አንደኛው ባለትዳር ነው፣ ቀለበት አድርጓል።»

«ሂድ፣ ቀልማዳ!» ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሲስቁ እንዲህ ነው የሚያደርጉት።

ማታ ለጎብኚ በሚዘጋጀው የባህር ዳር ግብዣ ላይ ከበሮና ውዝዋዜ ነበር። ጉድጓድ ውስጥ በጋለ ድንጋይ ሲበስል የዋለ አሳማ ከነጭሱ ሲወጣ ሰዉ አጨበጨበ። እማማ ወንበራቸውን ወደ ባህሩ አዙረው ዓሣቸውን በሉ። ቀጥሎ በጎድጓዳ ሳህን ሐምራዊ ነገር መጣ። በጣታቸው ቀመሱና፣ «ጎደሬ ነው እኮ! ማን ነው እንዲህ ሊጥ አድርጎ ያበላሸው?» አሉ። እውነትም ጎደሬ ነው፤ የአገሬው ሰው ቀቅሎ፣ ወቅጦ፣ በውሃ አላልቶ ይበላዋል። ቅቤ ያላገኘ ገንፎ በሉት።

ጥቁሩ አሸዋና የእሳቱ አፍ

በማግስቱ በደቡብ በኩል ዞረን ወደ እሳተ ገሞራው ሄድን። መንገድ ላይ አሸዋው እንደ ኑግ የጠቆረ ባህር ዳር አለ። ትልልቅ የባህር ኤሊዎች ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። መቅረብም መንካትም ክልክል ነው፤ ገመድ ተዘርግቷል። አንዱ ሚኒባስ ያክላል፤ ኋላው ላይ ታርጋ ብፈልግ አጣሁ። እማማ በገመዱ ወዲህ በትራቸውን ተደግፈው ብዙ ጊዜ አዩት። ኤሊው ሊነሳ ይሞክራል፣ ያቃስታል፣ መልሶ ይተኛል።

«እሱንም ጉልበቱን ነው» አሉ።

ከዚያ ሽቅብ ወጣን። ላይ ይበርዳል፤ ጋቢያችንን ለበስን። የእሳተ ገሞራው አፍ እጅግ ሰፊ ነው። የዚያን ዕለት እሳት አልነበረም፤ ከሥር ከሥሩ ጭስ ብቻ ይወጣል። አጠገቡ ግን መሬቱ ተሰንጥቆ ትኩስ እንፋሎት የሚወጣበት፣ ዙሪያውን በብረት የታጠረ ቦታ አለ። ሰው ይቆምና ፎቶ ተነስቶ ያልፋል።

እማማ ፎቶ አልተነሱም። ብረቱ አጠገብ ቆመው ጋቢያቸውን ከራሳቸው እስከ እግራቸው ተከናነቡና እንፋሎቱን ከሥር አስገቡት። እንደ ወይባ ታጠኑ።

ሊዲያ፣ «ኦ ማይ ጋድ፣ ዳዲ፣ ዱ ሳምቲንግ!» አለችና መኪና ውስጥ ገባች።

አንዲት ቱሪስት ጠጋ ብላ ምን እያደረጉ እንደሆነ ጠየቀችኝ። «የሦስት ሺህ ዘመን ምስጢር ነው፤ ንግሥቶቻችን ሁሉ ያረጁት እንዲህ ሳያረጁ ነው» አልኳት። ወዲያው ጃኬቷን ተከናነበች። ባሏ ፎጣ አመጣ። ጥቂት ቆይቶ ከየጨርቁ ሥር እግር ብቻ የሚታይ ሰልፍ ሆነ። የፓርኩ ጠባቂ መጥቶ፣ እንፋሎቱ ስለሚያቃጥል ፊታችሁን አታስጠጉ ብሎ በትህትና በተነን።

እማማ ላብ በላብ ሆነው ወጡ። ወደ መኪናው ሲሄዱ በትሩን ከመሬት አላሳረፉትም። «ቀለል አለኝ» አሉ። ቀጠሉና፣ «ነገ ውሃውን ሳገኝማ!»

እኔ ሶፋው ታየኝ።

ኩሬው

በደሴቱ ምሥራቅ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የቀለጠ ድንጋይ ወርዶ ባህር የገባበት ዳርቻ አለ። ያ ሲቀዘቅዝ ከኋላው ትንንሽ ኩሬዎች ቀርተዋል፤ መሬቱ ከሥር ያሞቃቸዋል። ማስታወቂያው ቁስል ያለበት ሰው አይግባ፣ የገባም ሲወጣ ይታጠብ ይላል። አንካሳ አህያን በተመለከተ የተጻፈ ነገር አላገኘሁም።

ሰብለ፣ «እኔ ይሄን ማየት አልችልም» ብላ ሊዲያን ይዛ ወደ ባህሩ ሄደች። እማማ አማትበው ከነቀሚሳቸው ገቡ። ውሃው የሕፃን ገላ መታጠቢያ ያህል ነው የሚሞቀው። እኔም ሱሪዬን ሰብስቤ አጠገባቸው እግሬን ነከርኩ።

ኩሬው ውስጥ አንዲት የአገሬው ባልቴት ነበሩ፣ ጆሯቸው ላይ አበባ የሰኩ። እዚያ ደሴት ትልቅ ሴት ሁሉ «አንቲ» ነው የሚባለው፤ እኛ እትዬ እንደምንለው። ከእማማ ጋር ፈገግታ ተለዋወጡ። ሁለት ባልቴት ፍልውሃ ውስጥ ሲገናኙ ቋንቋ ምን ያደርጋል? ሴትዮዋ ጉልበታቸውን ከውሃ አወጡ፣ እማማም የራሳቸውን አወጡ። የሴትዮዋ ቀኝ ጉልበት ላይ ከላይ እስከ ታች ጠባሳ አለ። ግራው ደግሞ ጠባሳ የለውም፣ ግን እንደ እማማ ያበጠ ነው።

እማማ ጠባሳውን በዓይናቸው ተከተሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ደረጀ፣ አስተርጉምልኝ። ግን ሳትጨምር።»

«መቼ ጨምሬ አውቃለሁ፣ እማማ?»

«ሳትጨምር አልኩህ።»

ጠየቅኳቸው። አንቲ መለሱ፤ እኔም አንድ በአንድ ወደ አማርኛ መለስኩ።

«ቀኙን በቀዶ ጥገና አስቀየርኩ። ግራውን ፈርቼ ተውኩት ይላሉ።»

«ውሃውስ?»

«ለግራው ነው የምመጣው ይላሉ። ውስጡ እያለሁ ያስታግሰኛል፤ ወጥቼ ስለብስ ይመለሳል። ቀኙ ግን ውሃ ጠይቆኝ አያውቅም።»

እማማ አፌን አፌን ነው የሚያዩት። «ቀዶ ጥገናው አሟት እንደሆነ ጠይቅልኝ።»

ጠየቅኩ። አንቲ ራሳቸውን ይዘው ረጅም ነገር ተናገሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ከመክፈቴ በፊት አሰብኩ። «ምንም አላመመኝም፣ እንደ ቅቤ ነው የቆረጡኝ ይላሉ» ብል ጉዳዩ ያለቀ ነው፤ ሰብለም ትስመኛለች። ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እማማ ግን ዓይናቸውን ከአፌ አላነሱም።

«አልቅሻለሁ ይላሉ» አልኩ። «የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሐኪሙን ከነእናቱ ረግሜያለሁ። ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አልቅሻለሁ። ከዚያ አንድ ቀን ገበያ ሄጄ ተመልሼ፣ ጉልበቴን ሳላስበው እንደዋልኩ ትዝ አለኝ ይላሉ።»

እማማ ውሃውን በእጃቸው ቀዘፉ።

«አንተ ልታታልለኝ ብትፈልግ አያምም ትል ነበር» አሉ።

«አዎ።»

«እንግዲያው እውነት ነው።»

ሊወጡ ተነሱ። ውሃው ውስጥ ደህና የነበረው ጉልበት የመጀመሪያውን ድንጋይ ሲረግጡ ከዳቸው። እኔ በአንድ ወገን፣ አንቲ በሌላ ወገን ደግፈን አወጣናቸው። ቃል ቃል ነውና ጄሪካኑን አምጥቼ ልቀዳ ጎንበስ አልኩ።

«ተወው» አሉ። «የሚያስታግስ ውሃ ኦክላንድ ሻወር ቤትም አለ። ለሰብለ አትንገራት፣ እኔው እነግራታለሁ።»

መመለሻ

ከዚህ ጉዞ ከባዱ ክፍል መመለሻው ነበር፤ ምስጢር ይዤ አምስት ሰዓት በረርኩ። አንዲት ቀልድ አልወጣችኝም። ሰብለ ግንባሬን በእጇ ነካችና፣ «አሞሃል እንዴ?» አለችኝ። ጄሪካኑን እኔ ስለከተትኩት ሙሉ ይሁን ባዶ አላየችም፤ ለመጠየቅም ፈራች። እማማ ደግሞ ሻንጣው ካልተጫነ ብለው በእጅ አላስያዙንም።

ኦክላንድ ሻንጣው በሻንጣ ማዞሪያው ላይ ሲመጣ እኔ ሳልደርስ ሰብለ ቀደመችኝ። ጥርሷን ነክሳ፣ ወገቧን አመቻችታ፣ አሥር ሊትር ውሃ ለማንሳት በሁለት እጇ ሳበችው። ሻንጣው እንደ ላባ ተነሳ። እሷ ወደ ኋላ ተንደርድራ ጋሪ ላይ ቁጭ አለች።

እዚያው ከፈተችው። ጄሪካኑን አውጥታ ጆሮዋ ሥር ነቀነቀችው። ምንም የለም። ቀና ብላ እናቷን አየች።

«ነገ ሰኞ አይደል?» አሉ እማማ በትራቸውን ተደግፈው። «ደውዪላቸው።»

ሰብለ ጄሪካኑን ታቅፋ አለቀሰች። ሊዲያ፣ «ሰው እያየን ነው» አለች፣ በአማርኛ። ሲብስባት ትችላለች።

ወደ ደሴቱ ለምትሄዱ ምክር ይኸው፦ ጋቢ ያዙ፣ ፂማችሁን ተላጩ፣ ኤሊውን አትንኩት፣ ጄሪካኑን እቤት ተዉት። እኔ የተማርኩት ግን ዘመኔን ሙሉ በመጨመር ያላሳመንኩትን ሰው፣ አንድ ቀን ባለመጨመር ማሳመኔን ነው።

ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነ። በነጋታው ነርሷ ገብታ ሕመማቸው ከአንድ እስከ አሥር ስንት እንደሆነ አስጠየቀችኝ።

«ስድስት ነው» አሉ እማማ። «አንተ ግን ዘጠኝ በላት፣ ቶሎ ቶሎ እንድታየኝ።»

«ሳትጨምር ብለውኝ አልነበር?»

«ያ እዚያ ነው» አሉ። «አሁን ጨምር።»